ዝናብ ሳይመጣ የሚቆፈር ጉድጓድ

በአፍሪካ ገጠር ስለሚደርስ ድርቅ የሚሠራ ፊልም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሣው ምስል ዓለምን አስለቀሰ፤ ብዙ እርዳታም አስገኘ። እነዚያ ምስሎች አልዋሹም። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ የምናየው ገበሬ የተሰጠው ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መጠበቅ ነው።

በዚህ እትም የምንመለከታቸው ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ገበሬውን ከመጠበቅ ያስነሡታል። ለወጣቶች ኅብረት ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ነገር ግን ዓይናችንን ከፍተን እንያቸው።

የመጀመሪያው ማርክ ዶድ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «በረሃውን ያቆመው ሰው» ነው። ታሪኩ የቡርኪና ፋሶው ገበሬ የያኩባ ሳዋዶጎ ነው። በ1980ዎቹ ድርቅ የያቴንጋ አካባቢ ሰው መንደሩን እየለቀቀ ሲሰደድ፣ በከተማ ገበያ የሞተር ሳይክል ዕቃ ይሸጡ የነበሩት ያኩባ ወደ እርሻ ተመለሱ። መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ስለ ነበር ዝናብ ቢጥል እንኳ ውኃው በላዩ ይፈስሳል እንጂ አይሰርግም። እርሳቸው ያደረጉት «ዛይ» የሚባለውን የአባቶች ዘዴ ማሻሻል ነው። በበጋ ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ በየጉድጓዱም ፍግ ይጨምራሉ። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ መሬቱን ይበሳል፤ ዝናቡ ሲመጣ ውኃው በተበሳው በኩል ወደ ታች ይገባል። ማሽላው በቀለ፤ ከማሽላው ጋር ዛፍም በቀለ፤ ውሎ አድሮም ከ20 ሄክታር በላይ የሆነ ደን ቆመ።

የፊልሙ ጉልበት ሥራውን በዝርዝር ማሳየቱ ነው። ደረቅ መሬት ላይ የሚያርፍ ዶማ፣ በበጋ የሚቆፍረውን ሰው «አበደ» የሚል ጎረቤት፣ በእሳት የጋየ ደንና እንደ ገና የሚተክል ሰው እናያለን። ያኩባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2023 አረፉ።

ድካሙ ደግሞ ከርእሱ ይጀምራል። በረሃን አንድ ሰው ብቻውን አያቆምም። ያኩባ ራሳቸው ከየመንደሩ የመጡ ገበሬዎችን እየሰበሰቡ ዘር የሚለዋወጡበትና ልምድ የሚካፈሉበት የገበያ ቀን አቋቁመው ነበር። ዛይ የተስፋፋው ብዙ እጅ ስለ ቆፈረ ነው። ፊልሙ ግን ጀግና ፈልጎ ሄዷል፤ ጀግናውንም አግኝቶ ተመልሷል።

ሁለተኛው «ስለ ዝናቡ እናመሰግናለን» የሚለው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ፊልም ነው። ኖርዌያዊቷ ዩሊያ ዳር ከኬንያዊው ገበሬ ከኪሲሉ ሙስያ ጋር ሠርታዋለች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራውን የያዙት ገበሬው ራሳቸው ናቸው። ለዓመታት ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የደረቀውን ማሳና ቤታቸውን የጎዳውን ዐውሎ ነፋስ ቀረጹ። ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ዛፍ እንዲተክሉ ሲያበረታቱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ እስከ ተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ደረሱ።

የፓሪሱ ክፍል ለእኔ ደካማው ነው። አዳራሹና ንግግሩ ሲበዛ ማሳው ይርቀናል። ይሁን እንጂ ፊልሙ አንድ ነገር አልደበቀም። ኪሲሉ ለስብሰባና ለጉዞ ሲወጡ እርሻውና ልጆቹ በባለቤታቸው ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። እርሷም ሸክሙ እንደ ከበዳት ከመናገር አትቆጠብም፤ ካሜራውም ፊቱን አያዞርባትም። ለእኛ ይህ ከፓሪስ ይልቅ ይቀርበናል። ወንድም ለአገልግሎት ከከተማ ከተማ ሲዞር እቤት የቀረችው እህት ምን ትሸከማለች? ስንቶቻችን በመድረክ ላይ ያለውን አመስግነን ከኋላው ያለችውን ሳንጠይቅ ሄደናል? «ጌታ ይባርክሽ» ማለት ብቻውን ከጀርባዋ ሸክም አያወርድም።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ያየ ወጣት አንድ ጥያቄ ይቀርበታል። ዝናብ ሲጠፋ እንጸልያለን፤ መልካም ነው። ከጸሎቱ በኋላስ? ዛይ የሚቆፈረው ደመና በማይታይበት በበጋ ነው። ቆፋሪው ዝናቡን ማዘዝ አይችልም፤ ሲመጣ የሚቀበልበትን ስፍራ ማዘጋጀት ግን ይችላል። ይህን ያሳዩን ያኩባ በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት የተማሩ ሙስሊም ናቸው። እምነት ያለ ሥራ ምን እንደሚመስል ዘወትር የምንሰብክ እኛ ከእርሳቸው ዶማ ብንማር አናፍርም። የኪሲሉም ፊልም ስም ምስጋና ነው። ማመስገንና መቆፈር እንደማይጣሉ ስሙ ራሱ ይናገራል።

በአገራችንም ሥራው እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሲያስር ብዙ ትውልድ አልፏል። እንግዲህ ፊልሞቹን በኅብረታችሁ ስታሳዩ ውይይቱን «ያሳዝናሉ» በሚል ቃል አትጀምሩ። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ካሜራውን የያዘው ማነው? የሚናገረውስ ማነው? ሳይናገር የቀረውስ? ገጠር ያደጉ ወጣቶች ካሉም መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ፤ ከመካከላችሁ አፈሩን በእጁ የሚያውቀው እርሱ ነውና።