ቤተ መንግሥቱን ማን አጠበው?

ስለ ጎንደሩ ፋሲል ግቢ የተጻፈ ስታነቡ ልብ በሉ፤ ማን እንደገነባው፣ ማን እንደነገሠበት፣ ግብሩ የት እንደተበላ፣ አንበሶቹ የት እንደታሰሩ ይነገራችኋል። ንጉሡን ሌሊት ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው ወዴት እንደሚሄዱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ነውር ነዋ! እኔ ደግሞ ይሄ ነውር ብዙ ሰው ደብቆብናል ባይ ነኝ።

በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ግንቦች ሽንት ቤቱ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነበር። ቀዳዳው ቁልቁል ወደ ጉድጓድ ወይም ግንቡን ወደከበበው ውኃ ይወርዳል። በእንግሊዝ አገር ጉድጓዱን በሌሊት የሚዝቀው ሠራተኛ ሙያው ስም ነበረው። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሽንት ቤቱን ሳይጠየፉ ሲከታተሉ እሱንም አገኙት።

እኛም ዘንድ መነሻ አይጠፋም። በፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ። እንፋሎት ደግሞ ያለ እንጨትና ያለ ውኃ አይነሣም፤ የተሸከመ ጀርባ ነበረ ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ጥራዝ መጽሐፉ፣ በርና መስኮቱን ከፍቶ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ እንዳጠነ፣ በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ እንዳጠበ ይተርካል። ቤተ መንግሥቱ ሰው የሚታመምበት፣ አየር የሚያጥረው ቤት ሆኖ የሚታየን እዚህ ጋ ነው። ይህን ገጽ የምወደውም ለዚህ ነው። ግን ግሡን እዩት። አገልጋዮቹን ሥራ ላይ እንዳሰማራ አንዴ ይጠቅስና ከዚያ በኋላ ከፋቹም አጣቢውም «እኔ» ይሆናል። ውኃው ራሱ ሞቆ ራሱ ደረጃ የወጣ ይመስላል።

ብሩስ ሲመለስ በእኛው ቆላ አድርጎ ወደ ሰናር ወርዷል። የምጽፈው ከሸሕዲ ነው፤ ሌላው ስሟ ገንዳ ውኃ ነው። እዚህ ሙቀት ውስጥ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ አንባቢ «አጠብኩ» የምትለውን ቃል ዝም ብሎ አያልፋትም፤ ማን ቀዳው? እጣቢውንስ ማን ደፋው? ይላል።

ስለ ጎንደር ታሪካዊ ልቦለድ የምትጽፉ ልጆች፣ ዙፋኑ በቂ ጸሐፊ አግኝቷል። እስቲ አንዴ ከቀሃና ከአንገረብ ወንዝ እንስራ አዝላ ከምትወጣው ሴት ጀምሩ።