ሽማግሌው አይሰማም

የጄምስ ማክብራይድን «ዘ ጉድ ሎርድ በርድ» ስታነቡ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ሳቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት ያገኘ ልቦለድ ነው። ተራኪው ሄንሪ ካንሳስ ውስጥ በባርነት ያለ ጥቁር ልጅ ነው። ባርነትን በጎራዴ ሊጨርስ የተነሳው ነጭ ሽማግሌ፣ ጆን ብራውን፣ የልጁን ስም ከአባቱ አፍ አሳስቶ ይሰማና «ሄንሪዬታ» ይለዋል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ሴት ነው። ቀሚስ ይለብሳል። የብራውንን የዕድል ሽንኩርት ስለበላ ደግሞ «ሽንኩርት» የሚል ቅጽል ስም ይወጣለታል። እሱም አያርማቸውም፤ ነጮች ማየት የፈለጉትን መስሎ መኖር ያውቅበታል።

ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነገሩ የገባኝ በሙያዬ ቋንቋ ነው፦ ገና መግቢያው ላይ የተሳሳተ ዳታ ገባ፣ ማንም አላጣራውም፣ ሲስተሙ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ቀልዱም ክሱም ይሄው ነው። ብራውን ለጥቁሮች ይሞትላቸዋል እንጂ አይሰማቸውም።

ሳቁ ያልሰራልኝ ፖታዋቶሚ ላይ ነው። በ1856 ካንሳስ ባርነትን ትፍቀድ አትፍቀድ በሚለው ጸብ የባርነት ደጋፊዎች የሎውረንስን ከተማ ዘረፉ። በሦስተኛው ቀን፣ ሜይ 24 ሌሊት፣ ብራውን ከልጆቹና ከተከታዮቹ ጋር ወጣ፤ አምስት ሰዎች ከየቤቱ ተጎትተው ተገደሉ። ጄምስ ዶይልና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ከሟቾቹ ነበሩ። ዶይሎች አንድም ባሪያ አልነበራቸውም። እናቲቱ ማሃላ ለምና ያተረፈችው የ16 ዓመት ልጇን ብቻ ነው። የሽንኩርት ጨዋታ አዋቂ አንደበት ይሄን ሲተርክልኝ፣ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የሽማግሌው እብደት እንጂ የማሃላ ልመና አልነበረም።

ደግሞ ታሪኩ ራሱ ለማክብራይድ ክስ መልስ አለው። ዲሴምበር 1858 ጂም ዳንኤልስ የተባለ፣ ሚዙሪ ውስጥ በባርነት ያለ ሰው፣ መጥረጊያ የሚሸጥ መስሎ ድንበሩን ወደ ካንሳስ ተሻገረ። ቤተሰቡ ሊሸጥበት ነበርና ከብራውን ሰዎች አንዱን አግኝቶ እርዱኝ አለ። ብራውን ሰማ። ሽምቅ ተዋጊዎቹ ሚዙሪ ገብተው 11 ሰዎችን አወጡ፤ አንድ ባለባሪያም ተገደለ። በዚያ ክረምት ረጅሙን ጉዞ ተያያዙት፤ በመንገድ ላይ ሕፃን ተወለደና ስሙን ጆን ብራውን አሉት። ማርች 1859 ከዲትሮይት ተሻግረው ካናዳ ገቡ።

ሽማግሌውን በመጥረጊያ ሻጩ ዓይን የሚያይ ልቦለድ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።