ብሔራዊ ቴአትር በጆሮ ሲመዘን

ብሔራዊ ቴአትር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በመልኩ ነው። ይህ ዳሰሳ ግን በጆሮ ይመዝነዋል፤ ለሙዚቃ ተማሪዎች አዳራሽ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያጠናው የሚገባ ሥራ ነውና።

ሕንጻው በጣሊያን ወረራ ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ ተጀመረ። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ጨርሶት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ሆኖ ተመረቀ። የሾሜት ብልኀት ለሲኒማ የታሰበውን ግንብ የመዲናዋ ዋነኛ መድረክ ማድረጉ ነው። ደጁ ላይ የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳም ለሕንጻው ግርማ ጨምሮለታል። የሙዚቃ ውለታውም ቀላል አይደለም፤ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ቅኝቶች ለኦርኬስትራ ያቀናበረው በዚህ ቤት የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ ነው።

ጉድለቱ ከቅርጹ ይጀምራል። መቀመጫው ሁሉ ወደ አንድ መድረክ ያያል፤ ለተውኔት ይስማማል፣ ለዜማችን ግን ይጠብባል። የካቲት 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ማኅሌት የቆመ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፦ ቀኝና ግራ የተሰለፉት ሊቃውንት ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀባበላሉ፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው በሰሚው ዙሪያ ይሰማሉ። አዝማሪም በሰው መካከል እየተዘዋወረ ነው የሚጫወተው።

ሁለተኛው ጉዳይ የድምፅ ቆይታ ነው። ንግግር እንዲጠራ ድምፁ በአንድ ሰከንድ ገደማ መክሰም አለበት፤ ሲምፎኒ ግን ወደ ሁለት ሰከንድ የሚደርስ ቆይታ ይሻል። ሁለቱን በማይለወጥ ግድግዳ ለማስተናገድ የሚሞክር አዳራሽ አንዱን መበደሉ አይቀርም። በገናማ ከሁሉም ይልቅ ይጎዳል፤ ጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ጥልቅ ንዝረት በሰፊ አዳራሽ ያለ ማይክሮፎን አይደርስም፣ በማይክሮፎን ደግሞ ለዛውን ያጣል። ይህን ሁሉ በሾሜት ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የታዘዘው ቴአትር እንጂ የዜማ ቤት አልነበረም።

ስለዚህ ብይኑ፦ ብሔራዊ ቴአትር እንደ ቴአትር የተሳካ፣ እንደ ሙዚቃ አዳራሽ ግማሽ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስክንድር በጎስያን ኮሌጅ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርና መሰንቆን ከፒያኖ ጋር ያስተምራል። ለእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚታነጽ አዳራሽ መጠነኛ ይሁን፤ ሰሚው መድረኩን በሦስት ወገን ይክበበው፤ ድምፅ የሚመጥጡ መጋረጃዎች እንደ ዝግጅቱ ይዘርጉ፣ ይሰብሰቡ። ከመመረቁ በፊትም አንድ በገና ደርዳሪ ያለ ማይክሮፎን ይፈትነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ካልሰማ ሥራው አላለቀም።