ስሙ የውሻ፣ ሞቱ የልጅ

ብስራተ ገብርኤል ከመሸ በኋላ የውሾች ሰፈር ነው። ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ የቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ ስብሰባ ይጀመራል። ከተሰብሳቢዎቹ ባለቤት የሌላቸው አሉ፤ ቀን ግቢ ሲጠብቁ ውለው ማታ በር የተከፈተላቸውም ሞልተዋል። ጠዋት ልጆች ዳቦ ሊገዙ የሚወጡት በዚያው መንገድ ነው።

እኔ ከውሾቹ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ ስም ጋር ነው፤ "የእብድ ውሻ በሽታ" ከሚሉት።

ስሙን ልብ በሉልኝ። ውሻ አለበት፣ እብደት አለበት፤ ልጅ ግን የለበትም። በሽታው እኮ አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ ከውሻው አፍ ስለማይርቅ ፊቱንና ራሱን ይነከሳል። ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚወጣው ነርቭን ተከትሎ ነውና ቁስሉ ለራስ በቀረበ መጠን መንገዱ ያጥራል።

ታዲያ ስሙ ምን ያደርገናል? የነከሰው ውሻ ላይ እብደት ያስፈልገናል። "የእነ እትዬ እከሌ ውሻ አይደል እንዴ? ደህና ነው፣ አሁን ሲበላ አይቼዋለሁ" እንላለን። ውሻው ግን ምልክት ከማሳየቱ ቀናት አስቀድሞ በለሃጩ ሊያስተላልፍ ይችላል። ደግሞም ታሞ የሚራወጠው ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ልጅ ደግሞ አሳዝኖት ሊደባብሰው ይጠጋል።

ሰፈሩም ድንጋይ ይዞ ውሻውን ያሳድዳል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይከራከራል። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ የሚያጥብ ግን ይጠፋል። ከተማችንም ውሻ በዛ ሲባል የተመረዘ ሥጋ ስትጥል የኖረች ናት። በሽታውን የሚገታው ግን ከ100 ውሾች 70ውን መከተብ እንጂ መግደል እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል።

ከሁሉ የከፋው መዘናጋቱ ነው። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር አድፍጦ ይቆያል። ቁስሉ ሲደርቅ "አለፈ" እንላለን፤ ወይም የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደን ቀን እናባክናለን። ልጁ ውሃ ሲያይ መደንገጥ ከጀመረ በኋላ ሕክምና የሚያደርግለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በጊዜ የተከተበ ይተርፋል። ልጆችም "ሆድ ላይ 14 መርፌ" ሲባል ስለሰሙ ንክሻውን ይደብቃሉ። ያ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የዱሮ ክትባት ነበር። ዘመናዊው ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ጭን ላይ የሚሰጥ ነው፤ ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ በሽታ እንግዳ አይደለችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላት፣ ወረርሽኙ በውሾቿ ላይ ተመዝግቧል። ጉለሌ ስንሄድ ረዳቱ "ፓስተር!" እያለ ይጣራል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1885 በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ባተረፈው በሉዊ ፓስተር ስም ከተጠራው ተቋም ነው። ያንን ስም በየቀኑ እየጠራን ልጆቻችንን በዚሁ በሽታ መቅበራችን ከማሳዘንም አልፎ ያሳፍራል።

ስሙን መቀየር ባይቻል ጥያቄያችንን መቀየር አያቅተንም። "ውሻው አብዷል ወይ?" ከማለታችን በፊት "ልጁ ታጥቧል? ጤና ጣቢያ ደርሷል?" እንበል። ማታ በር ለሚከፍተው ጎረቤታችንም አንድ ጥያቄ እንጨምርለት፦ "ጋሼ፣ ውሻዎን አስከትበዋል?"