ያልተመለሱ ተማሪዎች፣ ያልተመለሰ ጥያቄ

በአማርኛችን «መመለስ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ጥያቄም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በቻይናዋ ዉሃን ከተማ በር ተዘግቶባቸው ለነበሩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ በዚያ ክረምት ከሁለቱ አንዱም አልሆነላቸውም። ወደ አገር ቤት የሚወስዳቸው ልዩ አውሮፕላን አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ በግልጽ ቀርቦ የሚያስረዳቸው አካልም አላገኙም። ወረርሽኙ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋልና አሁን ማንሳቱ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚፈይደው አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ከመንግሥትም፣ ከአየር መንገዱም፣ ከእኛው ከስደተኛው ወገንም የተሰነዘሩት ክርክሮች ሳይፈተሹ ነው የተረሱት። ያልተፈተሸ ክርክር ደግሞ ሌላ መከራ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሸጣል።

አስቀድመን ነገሩን በወጉ እናስቀምጥ። 11 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ዉሃን ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ተዘጋች፤ የተከፈተችውም ከ76 ቀናት በኋላ አፕሪል 8 ነው። ዉሃን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እንደ ቻይና ትምህርት ሚኒስቴር አኃዝ በ2018 በቻይና የሚማሩ አፍሪካውያን 81,562 ነበሩ። በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ በተደረገው የቻይናና የአፍሪካ የትብብር ጉባኤ ቻይና ለአፍሪካ 50,000 የመንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታውቃለች። ይህን መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ተማሪዎች ዕድላቸውን ለመሞከር በራሳቸው ስንቅ የወጡ መንገደኞች አልነበሩም። መንግሥታት ተፈራርመው፣ ኤምባሲዎች ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ «የወዳጅነት ድልድይ» ተብለው የተላኩ ናቸው። ሲሄዱ የመንግሥት እንግዳ የነበረ ሰው፣ ችግር ሲመጣ የግል ጉዳዩን ይዞ የቀረ መንገደኛ ሊሆን አይገባም።

ሌሎች ምን አደረጉ? አሜሪካ ከተማዋ በተዘጋች በሳምንቱ ቆንስላዋንና ዜጎቿን ማውጣት ጀመረች። ሕንድ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በሁለት በረራ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች አወጣች፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ በሁለተኛው በረራ ሰባት የማልዲቭስ ዜጎችንም ጨምራ ወሰደች። ከአፍሪካ ሞሮኮና ግብፅ የየራሳቸውን ሰዎች አወጡ፤ አልጄሪያ ደግሞ የላከችው አውሮፕላን ቱኒዚያውያንን፣ ሊቢያውያንንና ሞሪታኒያውያንንም ይዞ ተመለሰ። ደቡብ አፍሪካ ዘግይታም ቢሆን በማርች አጋማሽ 114 ዜጎቿን ፖሎክዋኔ አሳርፋ ለብቻቸው አቆየቻቸው። ከሰሃራ በታች ያሉት አብዛኞቹ መንግሥታት፣ የእኛውም ጭምር፣ ባሉበት ይቆዩ የሚለውን መረጡ። በእስያም ፓኪስታን ይህንኑ መርጣለች።

ባሉበት ይቆዩ የሚለው ክርክር እንዲሁ የሚናቅ እንዳልሆነ ማመን ፍትሐዊነት ነው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በአፍሪካ ቫይረሱን መመርመር የሚችሉት የሴኔጋልና የደቡብ አፍሪካ ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነበሩ። ከእኛም አገር የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። የፓኪስታን ፕሬዚዳንት ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካለበትም አትውጡ የሚለውን የነቢዩ መሐመድን ቃል ጠቅሰው ውሳኔውን ደግፈዋል። እኛም ብንሆን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንዳራቆተ ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነው ያንን እያስታወስን ነው። ሌላም አለ። በሁቤይ ክፍለ ሀገር በጂንግዡ ይማር የነበረ አንድ ካሜሩናዊ ወጣት ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው በሽተኛ ሆኖ ታክሞ ድኗል፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ አገሩ መመለስ እንደማይፈልግም ለመገናኛ ብዙኃን ተናግሯል። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ ልቡ አገር ቤት ነበር፣ መንግሥታት ከለከሉት ብሎ ታሪኩን አቅልሎ መጻፍ እውነቱን ማጉደል ነው።

ታዲያ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? ቆይ የሚለው ሰው፣ ለመቆየት የሚያስፈልገውን የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለሌላው ደኅንነት ሲል በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ውለታ እየዋለ ነው፤ ውለታ ደግሞ ይከፈላል። የቻይና መንግሥት ነፃ ትምህርት ዕድል ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር 2,500 ዩዋን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 3,000፣ ለዶክትሬት 3,500 ይከፍላል። ይህ በደህናው ቀን ለምግብና ለመጽሐፍ የታሰበ ገንዘብ ነው። ገበያው ሲዘጋ፣ ምግብ በትእዛዝ ብቻ ሲገኝ፣ ጭምብል ሲጠፋ፣ ለዚያ አልታሰበም። ከገንዘቡም በላይ የጎደለው ቃል ነበር። ሁኔታውን በቅርብ እንከታተላለን የሚለው የዲፕሎማሲ አነጋገር ለጋዜጠኛ መልስ ይሆን ይሆናል፤ ከአንድ ክፍል ውስጥ ሳምንታት ለተቆለፈበት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅና አገር ቤት እንቅልፍ ላጣች እናቱ ግን መልስ አይደለም። አናመጣችሁም፣ ምክንያታችን ይህ ነው፣ እስከዚያ ይህን እናደርግላችኋለን፣ በዚህ ቀን ደግሞ ውሳኔውን እንደገና እናየዋለን ብሎ መናገር ምንም ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ተጠያቂነትን ነው። የጠፋውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ አየር መንገዱ ነው። የኬንያ አየር መንገድን ጨምሮ ብዙዎቹ ወደ ቻይና መብረር ሲያቆሙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጠለ። ኃላፊዎቹም ቻይናን በችግሯ ጊዜ ማግለል ተገቢ እንዳልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በረራ አቁሙ እንዳላለ አስረዱ። እውነትም ድርጅቱ ጃንዋሪ 30 ቀን ዓለም አቀፍ የጤና ሥጋት ሲያውጅ የጉዞ ገደብ አልመከረም ነበር። በዚህ ጊዜ በውጭ የሚኖረው ወገናችን ሁለት ጩኸት በአንድ ትንፋሽ ጮኸ። አንዱ በረራው ይቁም የሚል ነው። ሁለተኛው ተማሪዎቻችን ይምጡ የሚል ነው። ሁለቱ እርስ በርስ እንደሚጣሉ ያስተዋለ ጥቂት ነው። ዉሃን ዝግ ከተማ ስለነበረች ወደ ቤጂንግም ሆነ ወደ ጓንዡ የሚደረግ የንግድ በረራ ለዉሃን ተማሪ ምንም አይጠቅመውም ነበር። እሱን ሊያወጣው የሚችለው መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተነጋግሮ የሚያስከፍተው በርና ለዚያ ብቻ የሚነሣ አውሮፕላን ነው። ለተማሪው አውሮፕላኖቹ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኑበት። ክርክራችን ግን ስለ ላሟ ብቻ ነበር። አየር መንገዱን የወቀሰውም ሆነ ያመሰገነው፣ የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ ባለቤት የሆነው መንግሥት ለመደራደር ሞክሮ እንደሆነ መጠየቁን ረሳው።

ሦስተኛው ክርክር የአቅም ነው፤ መጥተው የት ይቆያሉ የሚል። ይህን ክርክር ያፈረሱት ተከታዮቹ ሁለት ወራት ናቸው። በማርች መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቆይ ታዘዘ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ግቢዎቻቸው ማቆያ ሆኑ። በአፕሪል ሳዑዲ ዓረቢያ ተባባሪነት በሌለው ሁኔታ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በሺህ እየቆጠረች መለሰች። የተባበሩት መንግሥታት ለጊዜው ይቁም ብሎ ጠየቀ፤ አገሪቱ ግን ተቀበለቻቸው፤ አልጋም ተገኘ፤ ምግብም ተገኘ። ለጥቂት መቶ ተማሪዎች የለም የተባለው ቦታ ለሺዎች ከየት መጣ? ልዩነቱ በአቅም ላይ አልነበረም። የሳዑዲን ተመላሾች መምጣት የወሰነው ሌላ መንግሥት ነው፤ የተማሪዎቹን መምጣት መወሰን የነበረበት የእኛው ነበር። የተጫነብንን እንሸከማለን፤ ራሳችን መርጠን ማንሣት ያለብንን ግን መሬት ላይ እንተዋለን። ይህ ከወረርሽኙ የቆየ በሽታ ነው።

የታሪኩ ሌላ ገጽታ ብዙም አልተነገረም። ከዉሃን ውጭ ከነበሩት ወይም ለዕረፍት ቀድመው አገር ቤት ከገቡት መካከል «ዕድለኛ» የተባሉ ነበሩ። ዕድሉ ብዙ አልቆየም። ቻይና ማርች 28 ቀን 2020 ለውጭ ዜጎች በሯን ዘጋች። ቤቱ የተመለሰው ተማሪ ወደ ትምህርቱ መመለስ አልቻለም። ትምህርቱ በኢንተርኔት ቀጠለ፤ በቻይና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚጀምር ክፍል ግን ለአዲስ አበባው ተማሪ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በጁን መጨረሻ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ኖቬምበር 4 ቀን ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ ትግራይ ውስጥ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። እዚያ የነበረ ተማሪ ለአማካሪው «መብራት ጠፋብኝ» ብሎ እንኳ ሊጽፍ አይችልም። ደቡብ ኮሪያውያን በ2020 ክረምት መመለስ ሲፈቀድላቸው፣ የቻይና ኤምባሲዎች ለተማሪዎች በአጠቃላይ ቪዛ መስጠት የጀመሩት ኦገስት 2022 ላይ ነው። ለቤተ ሙከራ ሥራና ለሕክምና ልምምድ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ምን እንደሚቀር ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አሜሪካ የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። ጁላይ 6 ቀን 2020 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሆነ የውጭ ተማሪዎች አገር ለቅቀው እንዲወጡ ወይም ሌላ ትምህርት ቤት እንዲፈልጉ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ጁላይ 14 ቀን መመሪያው ተሻረ። የስምንት ቀን ነገር ነው። አሜሪካ ለውጭ ተማሪ ገነት ናት ለማለት አይደለም፤ መመሪያውን ያወጣችውም እሷው ናት። ነጥቡ ተማሪው የሚጮህለት፣ ስም ያለውና የሚደመጥ ተቋም ነበረው የሚለው ነው። የዉሃኑ ተማሪ በአንድ በኩል አስተናጋጁን ማስቀየም የማይፈልግ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላ በኩል አበዳሪውን ማስቀየም የማይፈልግ መንግሥት ነበረው። በመካከል የነበረው የራሱ ስልክ ብቻ ነው።

ድምፅ ማሰማት የማይቻል ሆኖም አልነበረም። በዚያው ዓመት አፕሪል በጓንዡ አፍሪካውያን ከቤትና ከሆቴል እየተባረሩ ጎዳና ሲያድሩ፣ በቤጂንግ የአፍሪካ አምባሳደሮች በአንድነት ለቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈዋል። ብድሩ አልተሰረዘም፣ ወዳጅነቱም አልፈረሰም። አልጄሪያ ለጎረቤቶቿ እንዳደረገችው፣ ጥቂት አገሮች ተባብረው አንድ አውሮፕላን ማቆም እንደሚችሉም ታይቷል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫም የአየር መንገዱ መነሻም አንድ ከተማ ነው።

እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ከዚህ ምን እንያዝ? የተማሪዎቹ መከራ በስደተኛው ፖለቲካ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል የክርክር ጥይት ሆኖ አገለገለ፤ ከዚያ ሌላ ጥይት ሲገኝ ተጣለ። ከዚህ የሚሻል ሥራ አለ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 5 ዜጎችን መጠበቅንና መርዳትን ከቆንስላ ተግባራት ይቆጥራል። ስለዚህ የሚጠየቀው ቸርነት አይደለም። በየአገሩ ያሉ ተማሪዎች የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ፤ በመንግሥታት መካከል በሚፈረም የነፃ ትምህርት ዕድል ውል ውስጥ በአደጋ ጊዜ ማን ያወጣል፣ ማን ይከፍላል፣ ትምህርቱስ እንዴት ይቀጥላል የሚል አንቀጽ፤ የተማሪ ማኅበራትን እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ ወኪል የሚያነጋግር ኤምባሲ። እነዚህን ሦስቱን በስም ጠርቶ የሚከታተል ማኅበር ከሺህ ፊርማ ይበልጣል።

በ2020 የተደረገው ውሳኔ ከጤና አንፃር ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ውሳኔው እንደ ውሳኔ ስላልቀረበ ነው፤ ባለቤት ስላልነበረው ነው። አንድ መንግሥት ልጆቹን አላመጣም ማለት ይችላል፤ ልጆቹ ሲጠይቁት ግን ዝም ማለት አይችልም። በዉሃን የነበሩት ብዙዎቹ ዛሬ ተመርቀው በየሥራቸው ላይ ናቸው። እነሱ ተመልሰዋል። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አልተመለሰም።