በእንሰት የተጠራችው እንቁራሪት

ከአገራችን እንቁራሪቶች አንዳንዶቹ የፈረንጅ ተጓዥ ስም ተሸክመዋል፤ ፕቲካዴና ኒዩማኒ የኦስካር ኖይማንን፣ ፕቲካዴና ኤርላንገሪ የካርሎ ፎን ኤርላንገርን። ተጓዥን ማክበር ነውር የለበትም፤ እኔ የምወደው ግን የአፍሪክሳለስ ኤንሰቲኮላን ስም ነው። ተመራማሪው ማልኮም ላርገን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሲሰይማት ሰውን ሳይሆን የወላይታ ሰው ከጓሮው የማያጣውን ተክል አሰበ፤ ትርጉሙ «በእንሰት የምትኖር» ነው። ቆጮውንና ቡላውን ለምናውቅ ከዚህ የቀረበ ሳይንሳዊ ስም ከየት ይመጣል?

ስሙ ከኑሮዋ የተቀዳ ነው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ የሚገናኝበት ጉያ ውሃ ስለሚቋጥር፣ ለስስ ቆዳ እንስሳ ጥሩ መጠጊያ ነው። የአፍሪክሳለስ ወገኖች ደግሞ ቅጠል አጥፈው እንቁላላቸውን በመሃሉ ያጣብቃሉ፤ የተፈለፈሉት ከሥር ወዳለው ውሃ ይወርዳሉ።

ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። መኖሪያዋ በምዕራብ የቦንጋ አካባቢ፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ ደግሞ የባሌው ሐረና ደን ነው፤ ወላይታ በሁለቱ መካከል ይገኛል። በጓሮው እንሰት ያለው ሰው፣ ከዝናብ በኋላ ማታ ባትሪ ይዞ ጉያውን ይፈትሽ፤ እንቁራሪት ካገኘም ፎቶ አንስቶ በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህራን ያሳይ።