የጡብ ድልድይና የብረት ድልድይ፤ ስለ ምድር ባቡር ሥነ ሕንፃ አጭር ሂስ

ስለ ምድር ባቡር ድልድይ ሲነገር ብዙውን ጊዜ መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተሠራው የጡብ ድልድይ ነው። በለንደንና በብራይተን መካከል በ1833 ዓ.ም. የተከፈተው የኡዝ ሸለቆ ድልድይ 37 ቅስቶች ያሉት ሲሆን 11 ሚሊዮን ያህል ጡብ ፈጅቷል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር የብረት ድልድይ «መሣሪያ እንጂ ሥነ ሕንፃ አይደለም» ይባላል። እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም።

ባቡር ጉንችሬ ደርሶ አያውቅም። ይሁን እንጂ የጉራጌ ቤት ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው፥ ከመካከለኛው ምሰሶ ወደ ጣራው የተዘረጉት ድጋፎች ክብደቱን ተቀብለው እንዴት ወደ መሬት እንደሚያወርዱት ያያል። የቤቱም ውበት ከዚሁ ግልጽነት የመጣ ነው። ዛሬ በጅቡቲ ግዛት የሚገኘው የሆልሆል ድልድይም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 138፥ ከፍታው 29 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሸክሙ በየትኛው ብረት እንደሚወርድ ከሩቅ ይነበባል።

ጡብ መጨመቅን ይችላል፥ መለጠጥን ግን አይችልም። ስለዚህ ቅስት ያስፈልገዋል፤ ለቅስቱም ብዙ ሸክላ፥ ውሃና ማገዶ ይፈልጋል። ሥራው በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው መስመር የሚያልፈው ግን በደረቅና ድንጋያማ በረሃ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣን ብረት በተዘረጋው ሐዲድ ላይ እየጫኑ ወደ ፊት ማድረስ ይቻል ነበር። ሐዲዱም 1 ሜትር ስፋት ብቻ ያለው ስለ ሆነ ቀላል አካል በቂው ነበር። እንግዲህ ብረት የተመረጠው ለአገሩ ጠባይ ስለ ተስማማ ነው እንጂ ከድህነት አይደለም።

ነገር ግን ውዳሴ ብቻ ሂስ አይሆንም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ አንድ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ጠመዝማዛ ድልድይ በመግባቱ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ 428 ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ የምንረዳው የድልድይ ሥራ በተመረቀበት ቀን እንደማያበቃ ነው። በየቀኑ የሚነዳበትና የሚጠበቅበት ሥርዓትም የሥነ ሕንፃው ክፍል ነው።

አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የቀድሞዎቹ ድልድዮች ዋና አገልግሎታቸውን ለቀዋል። ብረት ያለ ጥበቃ ይዝጋል። ስለዚህ የእንግሊዙን ቅስት ከመጽሐፍ የምናጠና ተማሪዎች፥ እነዚህን ድልድዮች ሳይዝጉና ሳይፈርሱ ሄደን ልንለካቸውና ልንሥላቸው ይገባል እንላለን።